ስንጥቁን ማን ያየዋል?

ከመንዝዋ ሞላሌ ተነስቶ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን ሳያልፍ አይደርስም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ፣ በጉም የሚሸፈን መንገድ፣ በአንድ ጎኑ ወደ ቆላው ቁልቁል የሚወርድ ገደል። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ወይም በአይሱዙ የሚጓዝ ሰው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለሾፌሩ ብቻ አይደለም። ለፍሬኑ ታምቡር፣ ለባሌስትራው፣ ለመሪው ዘንግ፣ ጎማውን ለያዙት ቡሎኖችም ጭምር ነው። እነዚህ ብረቶች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ሰው ወይም አንድ መሣሪያ አይቷቸው ይለፉ ብሏል። ያ ማየት እንዴት እንደሚከናወን፣ ዛሬ በብዙ አገር በካሜራና በኮምፒውተር ለምን እየተተካ እንደሆነ፣ ለእኛስ ምን እንደሚፈይድ ማወቅ የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ መሆን የለበትም።

ብረትን በዓይን መፈተሽ ለመንዝ አዲስ አይደለም። ማረሻ የሚቀጠቅጥ ባለእጅ በወናፉ እሳት የጋለውን ብረት ቀለሙን አይቶ ነው የሚፈርደው። ቀይነቱ ገና የጠቆረ ከሆነ መዶሻ ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ እስኪረጭ ከተተወ ደግሞ ተቃጥሎ ይበላሻል። ትክክለኛዋን ቅጽበት የሚያውቀው ዓይኑ ነው። ይህን ያህል ዕውቀት የያዙ ሰዎች ግን በአገራችን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በደሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ስለ ብረት ጉድለት የምናውቀው ብዙ ነገር ሳይጻፍና ሳይመዘገብ የቀረው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ያለ መዝገብ መቅረታችን ዛሬ ምን እንደሚያስከፍለን ኋላ ላይ አሳያለሁ።

በመጀመሪያ ጉድለት ስንል ምን ማለታችን ነው? ብረት በየደረጃው የየራሱን እንከን ይይዛል። ቀልጦ ወደ ቅርጽ ሲፈስስ አየር ከገባበት ውስጡ ወይም ገጹ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ሁለት የቀለጡ ጅረቶች ቀዝቅዘው ከተገናኙ ሳይዋሃዱ ይቀራሉ፤ ከላይ ሲታይ ስስ መስመር ብቻ ነው። በግለት ሲዳመጥ ከገጹ የተላቀቀ ቅርፊት ተመልሶ ሊጨፈለቅበት ይችላል። ሲቀጠቀጥ ጫፉ ታጥፎ በላዩ ሊደፈጠጥ ይችላል። ብየዳው ሊቦረቦር፣ የቡሎኑ ክር ሊጎደል፣ በቶርኖ የተላገው ዘንግ ሊጫር ይችላል።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ መልክ ብቻ የሚያበላሹ ናቸው። ስንጥቅ ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ብረት ሲጫን ጉልበቱ በአካሉ ላይ ይሰራጫል። ስንጥቅ ካለ ግን ጉልበቱ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ በዚያች ነጥብ ያለው ጫና ከቀረው አካል ብዙ እጥፍ ይሆናል። ባሌስትራ በጠጠር መንገድ ላይ በቀን ሺህ ጊዜ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በእያንዳንዱ መታጠፍ ስንጥቁ በዓይን በማይታይ መጠን ይረዝማል። ወራት ወይም ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን የቀረው ጤነኛ ክፍል ጭነቱን መሸከም ያቅተውና በቅጽበት ይበጠሳል። መካኒኮች የተሰበረውን ገጽ ሲያዩ ብዙ ጊዜ ሁለት መልክ ያገኛሉ፤ ቀስ እያለ የተሰነጠቀው ለስላሳና የጠቆረ፣ በመጨረሻ የተበጠሰው ሻካራና የሚያብረቀርቅ። የጠቆረው ክፍል ሰፊ ከሆነ አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ሰው ሊያየው ይችል ነበር ማለት ነው።

ለምን አላየውም? ይህን ጥያቄ ዓለም በከባድ ዋጋ ነው የጠየቀው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989፣ በእኛ ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ እየበረረ ሳለ የጭራው ሞተር የፊት ዲስክ ተሰነጣጥቆ ተበተነ። ስብርባሪው የአውሮፕላኑን የሃይድሮሊክ መስመሮች በሙሉ ቆረጠ። አብራሪዎቹ በቀሩት ሁለት ሞተሮች ኃይል ብቻ እየመሩ ሱ ሲቲ በተባለች ከተማ ለማሳረፍ ሞከሩ። ከ296 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 112ቱ ሞቱ። ምርመራው የችግሩን ምንጭ ዲስኩ ወደተሠራበት ዘመን ወሰደው። ዲስኩ የተሠራበት ቲታኒየም ሲቀልጥ አንዲት ጠንካራ ባዕድ እንክብል በውስጡ ቀርታ ነበር፤ ከእርሷ የጀመረው ስንጥቅ ለ17 ዓመት ያህል በየበረራው አደገ። ከአደጋው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ዲስኩ ወርዶ በሚያበራ ፈሳሽ ተፈትሾ ነበር። መርማሪዎቹ እንዳሰሉት ስንጥቁ በዚያን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው ተብሎ ተመለሰ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ በፍተሻው ሥራ ላይ የሰው ልጅ አቅም ውስንነት በቂ ትኩረት አልተሰጠውም።

የሰው ልጅ አቅም ውስንነት ሲባል ስንፍና ወይም ግድየለሽነት ማለት አይደለም። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለው ብሪታኒያዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የራዳር ተቆጣጣሪዎችን ችግር ለማጥናት ሰዎችን ሰዓት መሰል ሰሌዳ ፊት ለረጅም ጊዜ አስቀምጦ ነበር። ከስንት አንዴ የምትመጣ ምልክት ሲጠብቁ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሳያልቅ ትኩረታቸው መቀነስ ጀመረ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። የዚያ ዓይነት ሥራ ምን እንደሚመስል ምስር የለቀመ ሁሉ ያውቀዋል። ጠጠር የበዛበትን ምስር መልቀም ይቀላል፤ እጅና ዓይን ይነቃሉ። በሰፌዱ ሙሉ አንዲት ጠጠር ብቻ ካለች ግን እርሷን ነው ጥርስ የሚያገኛት። በፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ ምርቱ ጥሩ በሆነ መጠን የፈታሹ ዓይን ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተዘጋጀ የጥናቶች ዳሰሳ በዓይን ፍተሻ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ስሕተት የተለመደ መሆኑን አሳይቷል። የተፈተሸ ማለት ጤነኛ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር አላገኘሁም።

ካሜራ የገባው በዚህ በኩል ነው። አይደክምም፣ አይሰለችም፣ የማታውንም የቀኑንም ፈረቃ እኩል ያያል።

አሠራሩን ከካሜራው ሳይሆን ከመብራቱ እንጀምር፤ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ከምንም በላይ የሚጨነቁት ለመብራቱ ነውና። ብረት ያብረቀርቃል። በፊት ለፊት መብራት ሲመታ ራሱን መብራቱን መልሶ ያሳያል እንጂ ጭረቱን አያሳይም። መብራቱ ከጎን፣ ከገጹ ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን ለስላሳው ገጽ ይጨልምና ጭረቱና ስንጥቁ ብቻ ብርሃኑን ወደ ካሜራው ይመልሳሉ፤ በጨለማ ውስጥ እንደ ነጭ መስመር ይወጣሉ። ክብ ለሆኑ አብረቅራቂ ዕቃዎች ደግሞ ብርሃኑን ከየአቅጣጫው የሚያለሳልስ ጉልላት መሰል ክዳን ይደረጋል። መጠን ለመለካት ከተፈለገ መብራቱ ከዕቃው ኋላ ሆኖ የጠርዙን ጥላ ያወጣል። የጋለ ብረት በሚዳመጥበት ፋብሪካ ብረቱ ራሱ በቀይ ብርሃን ስለሚንቦገቦግ ሰማያዊ መብራት ያበሩበትና ካሜራው ሰማያዊውን ብቻ እንዲያይ ማጣሪያ ይገጥሙለታል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ኋላ የቱንም ያህል የረቀቀ ኮምፒውተር ቢገዛ አይታደገውም። በምስሉ ላይ ያልወጣን ስንጥቅ የሚያወጣ ቀመር የለም።

ቀጥሎ የምስሉ ጥራት ነው። ዲጂታል ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። አንድ ጉድለት እንዲታወቅ ቢያንስ በሦስት ፒክስል ስፋት መያዝ አለበት ብለን እንነሳ። የዕቃው ወርድ 200 ሚሊ ሜትር፣ የምንፈልገው ስንጥቅ ወርድ 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ መስመር 6000 ፒክስል ያስፈልገናል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለረጅም ላሜራና ለፌሮ ሙሉ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ብረቱ ሲያልፍ አንድ አንድ መስመር እያነበበ የሚሰፋ ልዩ ካሜራ የሚጠቀሙት። ዕቃው በምን ፍጥነት እያለፈ እንደሆነ የሚለካ ሴንሰር ለካሜራው ምልክት ይሰጠዋል፤ አለዚያ ምስሉ ይጨመደዳል።

ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። በቀድሞው አሠራር መሐንዲሱ ደንቡን ራሱ ይጽፍ ነበር፤ ከዚህ የጠቆረ ነጥብ ካገኘህ፣ ስፋቱም ከዚህ ከበለጠ ጣለው። ደንቡ ቀላልና የሚታመን ነው፤ ዛሬም የቡሎን ርዝመትና የቀዳዳ ስፋት የሚለካው በዚሁ ነው። ዘይት ያረፈበትን ገጽ ከስንጥቅ ለመለየት ግን አይበቃም። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘዴ ደንብ አይጻፍለትም። ስንጥቅ ያለባቸውና የሌለባቸው ብዙ ምስሎች ይሰጡታል፤ ልዩነቱን ራሱ እየተሳሳተና እየታረመ ይለያል።

ብዙ ምስሎች የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። በቻይና ሸንያንግ የሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግለት ከሚዳመጥ ብረት ገጽ ላይ የስድስት ዓይነት ጉድለቶችን ምስል ሰብስበው ለሁሉም ክፍት አደረጉ። የተጨፈለቀ ቅርፊት፣ ጠቃጠቆ፣ የደቃቅ ስንጥቆች መረብ፣ ብጉርብጉር ያለ ገጽ፣ ባዕድ ቁስ፣ ጭረት። ለእያንዳንዱ 300፣ በድምሩ 1800 ምስል ነው። እጅግ ትልቅ ስብስብ አይደለም። ሆኖም በመላው ዓለም ያሉ ብዙ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የብረት ፍተሻ ዘዴያቸውን የሚሞክሩት በእርሱ ላይ ነው። ሰቨርስታል የተባለው የሩሲያ ብረት አምራች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱን ላሜራ ምስሎች አውጥቶ ጉድለቱን ከሁሉ በተሻለ ለሚለይ ሽልማት የሚሰጥበት ውድድር አዘጋጀ። በዚያው ዓመት ኤምቪቴክ የተባለው የሙኒክ ኩባንያ ሌላ መንገድ የሚያግዝ ስብስብ አሳተመ። በውስጡ የብረት ዳዶና ቪቴን ጨምሮ የ15 ዓይነት ነገሮች ከ5000 በላይ ምስሎች አሉ፤ ለማስተማሪያ የተመደቡት ግን ጤነኞቹ ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ከተማረ ከዚያ የወጣውን ሁሉ ይጠረጥራል ነው ሐሳቡ። የተበላሸ ዕቃ ጥቂት በሆነበት ፋብሪካ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን መሣሪያው ተገጠመ እንበል። ምን ያህል ይታመናል? ሻጮች 95 በመቶ፣ 98 በመቶ እያሉ ሲናገሩ አንባቢ ይህን ስሌት በአእምሮው ይያዝ። 10,000 ቡሎን ውስጥ 20 የተበላሹ አሉ። መሣሪያው ከተበላሹት 95 በመቶውን ያገኛል፤ 19 ማለት ነው፣ አንዱ ያመልጠዋል። ከ9,980 ጤነኞች ደግሞ 2 በመቶውን በስሕተት ይከስሳል፤ 200 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ከተጣሉት 219 ቡሎኖች ውስጥ በእውነት የተበላሹት 19 ብቻ ናቸው። ይህ የመሣሪያው ውድቀት አይደለም፤ የተበላሸ ነገር ጥቂት በሆነበት ሁሉ የሚመጣ የቁጥር ውጤት ነው። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። የተጣለውን ደግሞ የሚያይ ዐዋቂ ሰው ያስፈልጋል፤ አሁን ግን 10,000 ሳይሆን 219 ብቻ ነው የሚያየው፣ ዓይኑም ነቅቶ ያያል። ማሽኑ ሰውን ያባርራል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም ባልልም፣ በደንብ በተደራጀ ፋብሪካ የሚሆነው የሰውን ዓይን ወደሚጠቅምበት ቦታ ማዛወር ነው። ያመለጠችው አንዲት ቡሎን ጉዳይም አለች። ለልብስ መስቀያ ከሆነች አታሳስብም፤ ለመሪ ዘንግ ከሆነች መሣሪያው ይበልጥ እንዲጠራጠር ይደረጋል፣ ብዙ ጤነኛ ቢጣልም።

መሣሪያው ራሱም መፈተሽ አለበት። አምፖል ሲደክም፣ በሌንሱ ላይ አቧራ ሲያርፍ፣ ብረት አቅራቢው ሲለወጥ፣ ትናንት የተማረው ለዛሬ አይሠራም። ጥሩ ፋብሪካ ጉድለታቸው በትክክል የታወቀ ዕቃዎችን አስቀምጦ በየጠዋቱ በመሣሪያው ሥር ያሳልፋቸዋል። አንዱን ካሳለፈ ሥራው ይቆማል።

ካሜራ የማያየውንም መናገር ተገቢ ነው። ካሜራ ገጽን ነው የሚያየው። በውስጥ የቀረ ቀዳዳ ኤክስሬይ ወይም አልትራሳውንድ ይጠይቃል። የፌሮ ጥንካሬ የሚታወቀው ናሙናው በማሽን ተጎትቶና ታጥፎ ነው፤ በአገራችን ይህን ከሚሠሩት አንዱ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። የቆርቆሮ ዚንክ ልባስ ውፍረትም በፎቶ አይለካም፤ በ32 ጌጅና በ35 ጌጅ ቆርቆሮ መካከል ያለውን የውፍረት ልዩነት እንኳ የገዢ ዓይን አይለየውም፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ገዢም አያውቅም። ቅርጽና መጠንን ግን ካሜራ በደንብ ይለካል። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠ ፌሮ እውነተኛ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጎደለው ትንሽ ይመስላል፤ የብረቱ ይዘት ግን በ16 በመቶ ቀንሷል። ቤት የሚሠራ አንባቢ ካሜራ ባይኖረውም ሚዛን አያጣም። 12 ሜትር የሚረዝም ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይገባዋል። ብዙ ፌሮዎችን አንድ ላይ መዝኖ ለቁጥራቸው ማካፈል ነው። ከዚህ በብዙ ካነሰ ሻጩን መጠየቅ መብት ነው።

ለጋራዥና ለቶርኖ ቤትም ርካሽ መንገድ አለ። የባቡር ጥገና ቤቶች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሠሩበት የነበረ ነው። የተጠረጠረው ብረት በደንብ ይጸዳል። የሚሰርግ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ከዘይት ጋር የተቀየጠ ነጭ ጋዝ፣ ይቀባል። ስንጥቁ ውስጥ እስኪሰርግ ይተዋል፣ ከዚያ ገጹ ይጠረጋል። በላዩ የጠመኔ ዱቄት ሲነሰነስ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ወደ ጠመኔው ወጥቶ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ከእሳትና ከብየዳ ርቆ መሠራት አለበት። አየር መንገዶች የሚጠቀሙበት በጨለማ የሚያበራው ፈሳሽ የዚህ የረቀቀ ልጅ ነው፤ በበረራ 232 ዲስክ ላይም ቦርዱ በዋናነት የተቸው ዘዴውን ሳይሆን የሰዎችን የፍተሻ አሠራር ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ምን ይላል? በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቢሾፍቱ፣ በኮምቦልቻ ብረት የሚዳምጡና የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉን። በቦሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል አለን፤ በእንዲህ ዓይነት ማዕከል ቦሮስኮፕ የተባለ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሞተር ውስጥ ገብቶ ምላጮቹን ያሳያል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቋቋመ መንግሥታዊ ተቋም አለን። ለመንዝ ቅርብ የሆነ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለን። ካሜራና ኮምፒውተር በገንዘብ ይገዛል፤ ቀመሩም ብዙው በነፃ ይገኛል። የማይገዛው የእኛ ብረትና የእኛ ጉድለት ምስል ነው። ከሸንያንግ ምስሎች የተማረ ኮምፒውተር ከውዳቂ ብረት ቀልጦ በአገራችን የተዳመጠ ፌሮ ፊት ሲቆም፣ ወይም በጠጠር መንገድ የደከመ ባሌስትራ ሲያይ፣ ከዚህ በፊት ያላየውን ነገር ነው የሚያየው። ያን የሚያውቁት በየጋራዡና በየቶርኖ ቤቱ ያሉ ባለሙያዎች፣ በየመንደሩ ያሉ ባለእጆች ናቸው። ዕውቀታቸው ደግሞ ዛሬም እንደ ትናንቱ በመዝገብ አልሰፈረም። የተሰበረው ብረት ለውዳቂ ገዢ ይሸጣል፤ የተሰበረበት ምክንያት አብሮት ይቀልጣል።

ስለዚህ ልመናዬ ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መምህራን፣ ለጋራዥና ለቶርኖ ቤት ባለቤቶች፣ ለፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪዎች ነው። የተሰበረ ወይም የተጣለ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ሁለት ፎቶ ይነሳ፤ አንዱ ከፊት ለፊት፣ አንዱ መብራት ከጎን ዝቅ ብሎ መጥቶበት። ለልኬት እንዲረዳ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንዳገለገለ፣ ጉድለቱን ያየው ባለሙያ ምን ብሎ እንደጠራው በአንድ መስመር ይጻፍ። ጤነኛውም አብሮ ይነሳ። ለዚህ አንድ የእጅ ስልክና አንድ ደብተር ይበቃል፤ የቻይናዎቹ 1800 ምስሎችም የተሰበሰቡት አንድ በአንድ ነው። ዛሬ ጀምሩ።